እኔን ተሳፋሪ ኮከብ ይሰጠኛል፤ የድንገተኛ ክፍል ሐኪምን ማን ይመዝነዋል?

የቱሉ ዲምቱ ሾፌር | ነሐሴ 22፣ ከምሽቱ 3:40

ጤና ይስጥልኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ራይድ ነው የምነዳው። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅ። ተሳፋሪ ሲወርድ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጠኛል። ሬዲዮ ካስጮህኩ፣ መንገድ ከሳትኩ፣ መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተች ዋጋዬን አገኛለሁ። ቅር አይለኝም። ግን ሰውን ከቃሊቲ ሰሚት ማድረስ እንዲህ ከተመዘነ፣ በሌሊት አባትህን በቃሬዛ የሚቀበልህ ሐኪም ለምንድን ነው የማይመዘነው? ስንት ዓመት ሠራ? ይህን በሽታ ከዚህ በፊት አይቶታል? የሚነግርህ የለም። ሁሉም ነጭ ጋዋን ነው።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 12 ነው። አባዬ 71 ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን ጠዋትና ማታ ይውጣል። ፍልሰታን ደግሞ አይለቅም። «ሕፃናት የሚጾሙትን ጾም እኔ ሽማግሌው ልብላበት?» ነው መልሱ። ጠዋት ክኒኑን በባዶ ሆዱ ውጦ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከቅዳሴ መልስ 10 ሰዓት ግድም ቆሎና ሻይ ቀመሰ። ማታ ሁለተኛዋን ዋጠ። እራቱን «ደክሞኛል» ብሎ ተወው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ እናቴ ጮኸች። ምላሱ ተሳስሯል። ቀኝ እጁ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ሸሚዙ በላብ ርሶ ቢጨመቅ ይንጠባጠባል።

መጀመሪያ የደረስነው ቅርብ ያለ የግል ክሊኒክ ነው። ስሙ ይቅር። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሐኪም ነበሩ። ሳያቸው እፎይ አልኩ። ግፊት ለኩ፣ 170 ከምናምን። «ስትሮክ ነው፣ ሲቲ ስካን ያስፈልጋቸዋል» ብለው ሪፈር ጻፉ። በረርኩ። ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የተቀበለችን ግን የታናሽ እህቴ እኩያ ናት፣ ቢበዛ 26። ልቤ ወረደ። «ሲኒየር የለም?» አልኳት ፊት ለፊት። አልተቆጣችም። ቃሬዛው ሳይቆም «ስኳራቸውን ለኩልኝ» አለች። ነርሷ ጣቱን ወጋችው። 34! በጣም ወርዷል። ወዲያው በደም ሥሩ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ሰጡት። እኔ ካርድ አውጥቼ ስመለስ አባዬ ተቀምጦ «ጫማዬን የት አደረሳችሁት?» ይላል። ያ የሞተ እጅ ብርድ ልብሱን ይገፋል።

እንግዲህ ፍረዱ። ለእሷ 5፣ ለሽማግሌው 1። ይህ ስልካችን ላይ ቢኖርና ዛሬ ሌሊት የትኛው ሐኪም የት እንዳለ አይተን ብንሄድ ምን ይጎዳል?

ካራ ዳር | ከምሽቱ 3:58

እንኳን አባትህ ተረፈ። ለአንዳንዶቹማ አንድ ኮከብም ይበዛል። አምና ልጄን ይዤ ሄጄ 3 ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ! ከእኔ በኋላ የመጡ አራት ሰዎች ገብተው ወጡ። ዘመድ ያለው ይቀድማል።

ሲስተር ሌሊት | ከምሽቱ 4:20

@ካራ ዳር ልጅህ ምን ሆኖ ነበር?

ካራ ዳር | ከምሽቱ 4:23

ጆሮውን አሞት። ሲያለቅስ ነበር የዋለው።

ሲስተር ሌሊት | ከምሽቱ 4:51

እግዚአብሔር ይማረው። ግን ዘመድ አይደለም፣ ትሪያጅ ነው። በር ላይ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀት፣ ንቃት ታይቶ ቀለም ይሰጣል። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ከደቡብ አፍሪካ የመጣው አሠራር ነው። ቀይ ወዲያው ይገባል። ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። አረንጓዴ እስከ 4 ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። የሚያለቅስ ልጅ ይተነፍሳል፤ እኛን የሚያስደነግጠን ዝም ያለው ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ወላጅ አለመናገራችን ግን የእኛ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ሾፌሩ ልምጣ። 14 ዓመት ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፣ ከከተማው ጫፍ ባለ ሆስፒታል። እኛ ኮከብ አንሰጥም። ግን የዲውቲ ፕሮግራም ተለጥፎ ማን እንደሚያድር ስናይ ወይ ሻይ እናፈላለን፣ ወይ የጫማችንን ክር እናጠብቃለን። ምዘናው ይኸው ነው።

ምን እናያለን? ዕድሜ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ስምም አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። የታማሚ ወረቀት ላይ የትንፋሽ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሥራ ሲበዛ ለሁሉም 20 ይጻፋል። እኛው ነን የምንጽፈው፣ አልደብቅህም። ደህና ሐኪም ያንን 20 አያምንም። ብርድ ልብሱን ገለጥ ያደርግና ሰዓቱን ይዞ፣ አፉን ዘግቶ፣ ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ ይቆጥራል። አንድ ደቂቃ ሙሉ። በዚያ ክፍል ጫጫታ ውስጥ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። አንዴ ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ልጅ 20 የተጻፈባቸውን እናት እንዲህ ቆጥሮ 38 አገኘ። ቢጫ የነበሩት ቀይ ሆኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ ዲውቲ ሲሆን ሻይ ይፈላል።

ሌላው ተመልሶ መምጣት ነው። መድኃኒት አዝዞ የሚጠፋ አለ። በግማሽ ሰዓት ተመልሶ «አሁንስ እንዴት ነዎት?» ብሎ እግራቸውን ነክቶ የሚያይ አለ፤ ሞቆ እንደሆነ፣ እንደቀዘቀዘ። እንደ ሁለተኛው ዓይነት ይብዛልን።

ሰበታ መንገድ | ነሐሴ 23፣ ከጠዋቱ 1:15

እኔ ኮከቡ አይገባኝም። ግን ቢያንስ ማን ምን እንደሆነ ልወቅ። ባለፈው እናቴን አራት ሰው አያት፣ አራቱንም «ዶክተር» ስል ነበር። አንዱ ተማሪ፣ አንዷ ኢንተርን፣ አንዱ ፊዚዮቴራፒስት ሆነው ተገኙ። አራተኛው ካርድ ክፍል ነው የሚሠራው 😂 ጋዋኑን ለብርድ ነው የለበሰው።

ማንችስተር ያለሁ | ከጠዋቱ 3:02

@ሰበታ መንገድ እዚህም ያው ነው፣ አትገረም። ነርስ ነኝ። ደረጃው ብዙ ነው፣ ታማሚው የቱንም አይለይም። ስፔሻሊስት ያልሆነው ሁሉ «ጁኒየር ዶክተር» ይባል ነበር። አሥር ዓመት የሠራውም ጁኒየር! ታማሚው «ጁኒየር አይየኝ» ይላል። በ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ስሙን ወደ «ሬዚደንት ዶክተር» ቀየሩት። ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው የታገሉለት። ስሙ ከተቀየረም በኋላ ትናንት አንድ ሽማግሌ «አለቃሽን ጥሪልኝ» አሉኝ። የፈለጉት ሻይ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት | ከቀኑ 8:30

የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ፤ ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም ማለት ነው። ከዲውቲ ወጥቼ ተኝቼ ተነሳሁና ይህን ክር አገኘሁት። «ማንም አይመዝናቸውም» የሚለው ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ወንድሜ፣ ከተመዘንን ሰነበትን!

በቅደም ተከተል ልንገርህ። የሕክምና ተማሪ መጨረሻ ላይ ኢንተርን ይሆናል፤ ይሠራል ግን በሌላ ፊርማ ሥር ነው። ሲመረቅ የሙያ ፈቃድ ፈተና ያልፍና ጠቅላላ ሐኪም ይባላል። አባትህን ያየችው ምናልባት እሷ ናት። ፈቃድ ለማደስም ተከታታይ ሥልጠና ይጠየቃል። ከዚያ የፈለገ ሬዚደንት ይሆናል። የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆኖ ጥቁር አንበሳ የተጀመረው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ የወጡት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በአገራችን «የድንገተኛ ስፔሻሊስት» የሚባል የአገር ውስጥ ምሩቅ አልነበረም። ስለዚህ ፀጉሩ የሸበተ የድንገተኛ ስፔሻሊስት ብትፈልግ ብዙ ትዞራለህ።

እኛን እንዴት ይመዝኑናል? የጽሑፍ ፈተና አለ፣ እሱ ቀላሉ ነው። ከዚያ ደወል እየተደወለ ከጣቢያ ጣቢያ የምትዞርበት ፈተና አለ። አንዱ ጋ አሻንጉሊት ላይ ልብ ታሻለህ፣ ሌላው ጋ ኢሲጂ (የልብ ምት የሚታይበት ወረቀት) ታነባለህ፣ ሦስተኛው ጋ በሽተኛ መስሎ የሚጮህብህን ሰው ታረጋጋለህ። በ1975 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ የተፈጠረ ዘዴ ነው። እኔ የወደቅኩት የሚጮኸውን ሰው ማረጋጋት ላይ ነው፣ ይኸው ተናገርኩ። ከዚያ ደግሞ እውነተኛ ታማሚ ስታይ ሲኒየር ጥግ ቆሞ የሚያይህ አለ። ሎግ ቡክም አለን፤ ስንት ቱቦ አስገባህ፣ ስንት ስብራት መለስክ፣ ማን አየህ።

ዋናው ግን ቁጥር አይደለም። የአሁኑ አስተሳሰብ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሲኒየሩ ከአንተ ምን ያህል ርቆ መቆም ይችላል? ለአንዳንዱ ሥራ አጠገብህ ቆሞ እጅህን ማየት አለበት። ለአንዳንዱ የሚቀጥለው ክፍል ሆኖ ብትጠራው ይበቃል። ለአንዳንዱ ስልክ ላይ ቢሆን ይበቃል። ለአንዳንዱ ቤቱ ሄዶ ይተኛ። እኔ ቁስል ስሰፋ ሲኒየሬ ቢተኛ ይችላል። ደረት ውስጥ ቱቦ ሳስገባ በር ላይ ይቆማል። የአንድ ወር ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው ግን አጠገቤ ካልሆነ እኔ ራሴ አልፈልግም። ታዲያ እኔ ስንት ኮከብ ነኝ? በየሥራው ሌላ ነኝ።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ቅኝት 62 ጥናቶችን ሰብስቦ የሐኪም የሥራ ዓመትና የሕክምናው ጥራት እንዴት እንደሚሄዱ አየ። ከግማሽ በሚበልጡት፣ በ52 በመቶው ማለት ነው፣ ዓመቱ በጨመረ ቁጥር ጥራቱ ቀንሶ ነው የተገኘው። ሁሉም ሽማግሌ ይደክማል ማለት አይደለም። ግን «ስንት ዓመት ሠራ?» ብቻውን መልስ አይሆንህም።

ጡረተኛው | ከምሽቱ 1:10

ልጄ @ሁለተኛ ዓመት፣ ዱላህ ቢያርፍብኝም እውነትህን ነው። እኔ ከነዚያ ከሸበቱት ነኝ። 38 ዓመት አከምኩ፣ አሁን ለገጣፎ ቁጭ ብዬ ጎመን እተክላለሁ።

በእኔ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል የሚመደበው ትናንት የተመረቀው ነበር። ቅጣት ይመስል ነበር። ትልልቆቹ ዋርድ ዞረው ይሄዳሉ፣ በጣም የታመመውን በጣም ያልበሰለው ይቀበለዋል። አሁን ሳስበው ያሳፍራል።

ክሊኒኩ ውስጥ ስለነበሩት ሐኪም ልናገር። እኔ ልሆን እችል ነበር። ብዙ ስትሮክ ካየህ በኋላ እጁ የተንጠለጠለ፣ ምላሱ የተሳሰረ፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ሽማግሌ ሲመጣ ዓይንህ ከአእምሮህ ቀድሞ ይፈርዳል። ልምድ ማለት ይህ ፍጥነት ነው። ብዙ ቀን ያድንሃል፣ አንድ ቀን ይጥልሃል። ልጅቷ ገና ፍጥነቱ ስለሌላት በትምህርት ቤት የተነገራትን አደረገች፤ የተደናገረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስኳሩ ይለካል። ስኳር ሲወርድ ስትሮክን ቁርጥ አድርጎ ሊመስል ይችላል፣ አንድ ወገን ሽባ እስከማድረግ።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። እኚያ ሐኪም እስከ ዛሬ ስትሮክ ልኬያለሁ ብለው ነው የሚያስቡት። ማን ነገራቸው? የሪፈር ወረቀት ሥር የመልስ ቦታ አለው፣ ተቀባዩ ሞልቶ እንዲመልሰው። በ38 ዓመት ተሞልቶ የደረሰኝን በጣቶቼ እቆጥረዋለሁ። ስህተቱን ያልሰማ ሰው 40 ዓመት ቢሠራ ከምን ይማራል?

ሒሳብ አይዋሽም | ከምሽቱ 1:45

ሁላችሁም ወሬ ታበዛላችሁ። ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ሐኪም እጅ ስንት ገባ፣ ስንት ዳነ፣ ስንት ሞተ። ይለጠፍ። አበቃ።

ሁለተኛ ዓመት | ከምሽቱ 2:30

@ሒሳብ አይዋሽም ተሞክሯል እኮ። አሜሪካ ውስጥ ኒውዮርክና ፔንስልቬኒያ የልብ ቀዶ ሐኪሞችን የሞት ቁጥር በየስማቸው አወጡ። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የፔንስልቬኒያዎቹን ጠየቀ። ከቀዶ ሐኪሞቹ 63 በመቶው በጣም የታመመ ሰው ለመቅደድ ፈቃደኛነታችን ቀንሷል አሉ። ገባህ? ቁጥሩ እንዳይበላሽ ከባዱን ሰው መሸሽ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ላይ አምጣው። ጥቁር አንበሳ የሚደርሰው ሌላ ቦታ ሁሉ ተሞክሮ ያልሆነለት ነው። አቤት ሆስፒታል የሚገባው ከመኪና ሥር የወጣ ነው። እዚያ ያለው ሐኪም በአንተ ሰንጠረዥ መጨረሻ ይወጣል፤ ጉንፋን የሚያክመው አንደኛ።

ሒሳብ አይዋሽም | ከምሽቱ 2:41

እሺ የበሽታው ክብደት ታስቦ ይቀናነስ።

ሁለተኛ ዓመት | ከምሽቱ 2:44

አሜሪካኖቹም አቀናንሰው ነበር። ያም ሆኖ ነው 63 በመቶው።

ካራ ዳር | ከምሽቱ 3:00

ሒሳብ ተሸነፈ 😂

ሲስተር ሌሊት | ነሐሴ 24፣ ከሌሊቱ 7:20

ዲውቲ ላይ ነኝ፣ ዛሬ ሻይ ፈልቷል። @የቱሉ ዲምቱ ሾፌር አንድ ነገር ከነከነኝ። አባትህ የሚውጡት ግሊቤንክላማይድ ነው ብለሃል። ስኳራቸው ከተስተካከለ በኋላ በዚያው ሌሊት ወደ ቤት ገቡ? ማን ወሰነ?

የቱሉ ዲምቱ ሾፌር | ነሐሴ 26፣ ከምሽቱ 4:05

ሲስተር፣ ጥያቄሽን በዚያው ሌሊት አይቼዋለሁ። ሁለት ቀን ዝም ያልኩት መልሱ ስለሚያሳፍረኝ ነው። ያልነገርኳችሁ ግማሽ ታሪክ አለ።

አባዬ ነቅቶ ጫማውን ሲጠይቅ እኔ «በሉ እንሂድ» አልኩ። ልጅቷም ስኳሩን ደግማ ለካች፣ 140 ሆኗል። ዳቦና ሻይ አበሉት። የምታሰናብተን መሰለኝ። ከዚያ አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ ክኒኖቹን ከእናቴ ፌስታል አውጥታ አሳየቻት። ልጅቷ አየችው። ኮሪደር ወጥታ ስልክ ደወለች፣ ድምጿ ይሰማኝ ነበር። «71 ዓመት፣ ግሊቤንክላማይድ፣ አሁን 140» ትላለች። ከወዲያ ምን እንደተባለች አላውቅም፤ «እሺ ሲር፣ እሺ» ብላ ተመለሰች። «እስከ ነገ ማታ እዚሁ ይቆያሉ፣ ስኳራቸው በየሰዓቱ ይለካል» አለች።

አበድኩ። አልጋ የለም፣ ቃሬዛ ላይ ነው የሚያድረው። «ዳነ እኮ! ሂሳብ ልታበዙብን ነው?» ብዬ ጮህኩባት። እዚያው «አላዋቂ» አልኳት። በዚያ ደቂቃ ስልኬ ላይ ኮከብ መስጫ ቢኖር አንድ ነበር የምሰጣት። ያችው ልጅ ናት። ከአንድ ሰዓት በፊት ለአምስት ያጨኋት።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አባዬ ዝም አለ። የተኛ መስሎኝ ነበር። ነርሷ ለመለካት መጥታ ጣቱን ወጋች። 46። ደግመው ግሉኮስ ሰጡት፣ ጠብታም ተከሉለት። እስከ ማግስቱ ማታ ያንን ክኒን እያሳደዱ አደሩ፣ ዋሉ። ቤት ወስጄው ቢሆን «ይተኛ፣ ደክሞታል» ብለን በሩን እንዘጋለን። ሁላችንም እንተኛለን።

ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔም ልልካችሁ ነበር» አለችኝ። ሌላ አላለችም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ወደሚቀጥለው ቃሬዛ ሄደች።

ሲስተር ሌሊት | ከምሽቱ 4:30

ያንን ነው የጠረጠርኩት። ክኒኑ ለአንድ ቀን ያህል ሊሠራ ይችላል፣ ሽማግሌ ላይና ኩላሊት የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ግሉኮሱ ግን ቶሎ ያልቃል። ተመልሶ ይወርዳል።

አየህ፣ «ሲኒየር የለም?» ብለህ ጠየቅክ አይደል? ሲኒየሩ ነበረ፣ ስልክ ውስጥ። ጥያቄህ መሆን የነበረበት «ሌሊት ስትደውሉ የሚያነሳ አለ?» ነው። የማይደውል ሐኪምም አለ፣ የማያነሳ ሲኒየርም አለ። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ለዚያች ነርስ ግን ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ማንችስተር ያለሁ | ከምሽቱ 5:12

ፌስታሉን የከፈተችውን ነርስ ማንም ኮከብ ውስጥ አላስገባትም፣ ልብ በሉ።

ጡረተኛው | ነሐሴ 27፣ ከጠዋቱ 2:00

ልጄ ሾፌሩ፣ ሳትደብቅ ስለጻፍከው አከበርኩህ። ከፈቀድክልኝ አንድ ነገር ላዝዝህ። መንገድህ ነውና ያ ክሊኒክ ጎራ በል። ለጠብ አትሂድ። «የላኩት ሰው ስትሮክ አልነበረም፣ ስኳሩ 34 ነበር» በላቸው። የሪፈር መልስ ካልተጻፈ በአፍህ አድርስላቸው።

የቱሉ ዲምቱ ሾፌር | ጳጉሜን 2፣ ከምሽቱ 2:15

አባቴ፣ ትእዛዝዎን ፈጸምኩ። ሁለት ቀን በሩ ላይ አልፌ ሦስተኛው ቀን ገባሁ።

አወቁኝ። ስነግራቸው መነፅራቸውን አወለቁ። «ስንት?» አሉኝ። 34 አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት ጥግ ላይ ጻፉት። 34። ሥሩን ሁለቴ አሰመሩበት። «የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር» አሉ። ለባለቤቱ ነግረው ነበር። እኔ ደግሞ እንግዲያው ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ልላቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «ቢሆንም። ሳልለካም ቢሆን ግሉኮስ በደም ሥር መስጠት ነበረብኝ። አውቀዋለሁ እኮ» አሉ። ማታ ማታ እሳቸውና አንድ ነርስ ብቻ ናቸው። ለማን ይደውላሉ? ያንን ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ስወጣ ስትሪፑ መጥቷል፣ መስኮቱ ላይ ካርቶኑን አየሁት።

ሁለተኛ ዓመት | ከምሽቱ 2:50

ይህን ክር ነገ ጠዋት ርክክብ ላይ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ። «አላዋቂ» የሚለውንም ጨምሬ፣ ይቅርታ።

ጡረተኛው | ከምሽቱ 3:05

ክኒኑስ ተቀየረላቸው?

የቱሉ ዲምቱ ሾፌር | ከምሽቱ 3:20

ተቀየረ። የንስሐ አባቱም መጥተው በጾም ጊዜ ጠዋት ቁርስ እንዲበላ ነግረውታል። «እሳቸው ካሉ» ብሎ ተቀበለ። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይይዛል፣ የሠፈር ልጆች ደርሰውበት ይጨርሱበታል እንጂ። ግን ትናንት አልጋው ሥር ስጠርግ የድሮውን ክኒን አገኘሁት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። «ብር የወጣበት ነው፣ ይጣላል እንዴ?» አለኝ። ወስጄ ሽንት ቤት ደፋሁት።

ሲስተር ሌሊት | ከምሽቱ 3:22

ሽንት ቤት አይደፋም! ፋርማሲ ይመለሳል።

የቱሉ ዲምቱ ሾፌር | ከምሽቱ 3:24

እሺ ሲስተር 🙏 ስንት ኮከብ ቀነስሽብኝ?